በድሬዳዋ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሥርዓትን በመንግሥት ክትትል ሥር መሞከር፦ ከሐሳብ እስከ መውጫ ሪፖርት

ይህ መመሪያ በድሬዳዋና በሐረር ሆነው በሰው ላይ ውሳኔ የሚያሳርፍ ሶፍትዌር ለሠሩ ወይም ለመሥራት ላሰቡ ሁሉ ነው። ሥራው ላፕቶፕ ላይ ሲታይ ያምራል። ጤና ጣቢያ፣ ቀበሌ ወይም ባንክ ሲገባ ግን የሚነካው የሰው ጤና፣ መብትና ገንዘብ ነው። ፈቃድ ሰጪው «እንዲህ ያለ ነገር ዓይተን አናውቅም፤ በየትኛው መመሪያ እንመዝነው?» ይላል። ሠሪው ደግሞ «ሳልሞክረው ማስረጃ ከየት ላምጣ?» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሳንድቦክስ የሚባለው አሠራር የመጣው ይህን ቋጠሮ ለመፍታት ነው። ተቆጣጣሪው እያየ፣ በተወሰነ ቦታ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ በተወሰነ የሰው ቁጥር፣ አስቀድሞ ተጽፎ በጸደቀ ዕቅድ እውነተኛ ሙከራ ይደረጋል።

አሠራሩ የተስፋፋው በፋይናንስ በኩል ነው። የእንግሊዝ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2016 ጀመረው፤ የኬንያ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን በ2019 ተከተለ። የኖርዌይ የዳታ ጥበቃ ባለሥልጣን በ2020 ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ከፈተ፤ ስፔንም በ2023 በንጉሣዊ ድንጋጌ ሙከራ ጀመረች። ከኦገስት 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሕግ በአንቀጽ 57 እያንዳንዱ አባል አገር ቢያንስ አንድ ሳንድቦክስ እንዲኖረው ያዝዛል።

በእኛ አገር ሦስት ነገሮች በእጃችን አሉ። አንደኛው የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት ነው። ሁለተኛው የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሰኔ 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው ብሔራዊ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፖሊሲ ነው። ሦስተኛው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። የምታመለክቱበት መሥሪያ ቤት የሳንድቦክስ ቅጽ ካለው ፋይላችሁ በቅጹ ይገባል፤ ከሌለው በጽሑፍ በሚፈረም የሙከራ ስምምነት ይገባል። በሁለቱም መንገድ የሚጠየቀው ይዘት ከዚህ በታች ያለው ነው።

እርምጃ 1፦ ሥርዓቱ የሚወስነውን በአንድ ገጽ ጻፉ

ለጊዜው ኮዱን ተዉት። ነጭ ወረቀት ላይ አራት ጥያቄ መልሱ። ሥርዓቱ ምን ይሰማል ወይም ያያል? ምን ይላል? እሱ ከተናገረ በኋላ ማን ምን ያደርጋል? ከተሳሳተ የሚጎዳው ማነው?

እስከ መጨረሻው የምንከተለው አንድ ምሳሌ እንያዝ፤ «የትኩሳት መስመር» እንበለው። ሰው ይደውላል፤ ሕመሙን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ይናገራል። ሥርዓቱ «አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ»፣ «ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂዱ» ወይም «ቤት ሆናችሁ ተከታተሉ» ብሎ ይመልሳል።

ምሳሌውን ለድሬዳዋ የመረጥኩት በምክንያት ነው። ከተማችን እ.ኤ.አ. በ2013 የዴንጌ፣ በ2019 የቺኩንጉኒያ ወረርሽኝ አይታለች። በ2022 ደግሞ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚራባው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለው ትንኝ ያመጣው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ሦስቱም የሚጀምሩት በትኩሳት ነው፤ የሚያስፈልጋቸው ጥንቃቄ ግን ይለያያል። ዴንጌ የተጠረጠረ ሰው አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ወይም አስፕሪን መውሰድ የለበትም፤ የመድማት አደጋውን ያባብሳሉ። ከዚህም የሚብሰው፣ የዴንጌ አደገኛ ጊዜ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ትኩሳቱ መውረድ ሲጀምር መሆኑ ነው። «ትኩሳቴ ዛሬ ቀንሷል» የሚል ደዋይ ሲያጋጥመው ሞዴሉ፣ ማለትም ከመረጃ ተምሮ ውሳኔውን የሚሰጠው የሶፍትዌሩ ክፍል፣ ነገሩን እንደ መልካም ዜና ቆጥሮ «ቤት ሆናችሁ ተከታተሉ» ካለ፣ ሰውየውን በጣም ሊታይ በሚገባው ሰዓት ቤቱ አስቀረው ማለት ነው። በአንድ ገጻችሁ ላይ መጻፍ ያለበት እንዲህ ያለው ጉዳት ነው። «ተጠቃሚው ሊጉላላ ይችላል» ተብሎ የሚታለፍ ገጽ ማንንም አያሳምንም።

ገጹን ስትጨርሱ የሚጎዳ ሰው ካላገኛችሁ፣ ለምሳሌ ሥራው የስብሰባ ድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ከሆነ፣ ይህ ሁሉ ልፋት አያስፈልጋችሁም። የትኩሳት መስመርን የመሰለ ግን ያስፈልገዋል። የአውሮፓው ሕግም የድንገተኛ ሕሙማን ልየታ የሚሠሩ ሥርዓቶችን ከፍተኛ አደጋ ካላቸው መካከል በስም አስቀምጧቸዋል።

እርምጃ 2፦ የምታነጋግሩትን መሥሪያ ቤት ለዩ

አንድ ሥርዓት ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ተቆጣጣሪ ይነካል። የሰው ስም፣ ድምፅ ወይም የጤና መረጃ ከሰበሰባችሁ የዳታ አዋጁን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ፤ የጤና መረጃ በአዋጁ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ነው። ሶፍትዌሩ በሽታ የሚለይ ወይም ሕክምና የሚጠቁም ከሆነ እንደ ሕክምና መሣሪያ ሊታይ ስለሚችል የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ጠይቁ። ብድርና ክፍያ ከሆነ ጉዳዩ የብሔራዊ ባንክ ነው። ሙከራው የሚካሄድበት ተቋም ደግሞ ድሬዳዋ ላይ በአስተዳደሩ ጤና ቢሮ፣ ሐረር ላይ በሐረሪ ክልል ጤና ቢሮ ሥር ነው። ሰው የሚሳተፍበት የጤና ጥናት ሲሆን የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ማየት አለበት፤ ሐረር ያለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ እንዲህ ያለ ኮሚቴ አለው።

የእኔ ምክር ከቅርቡ ጀምሩ የሚል ነው። መጀመሪያ ከጤና ቢሮው ጋር ተነጋገሩና የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ፤ አዲስ አበባ ያሉት ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ቢሮው ያውቃል?» ነው የሚሆነው። እያንዳንዱ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ቀን ይሰጠው። በቃል «ችግር የለውም፣ ጀምሩ» መባል ፈቃድ አይደለም። የነገራችሁ ኃላፊ ሲዛወር ቃሉም አብሮት ይሄዳል።

አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ሥርዓቱን የሚገዛው ወይም የሚያስተዋውቀው ክፍል ብቻውን ተቆጣጣሪ መሆን የለበትም። ቢሮው ደንበኛችሁ ከሆነ፣ ሙከራውን የማቆም ሥልጣን ያለው ሌላ አካል በስምምነቱ ላይ ይጻፍ።

እርምጃ 3፦ አጥሩን በቁጥር አስምሩ

የእንግሊዙ ተቆጣጣሪ አመልካቾችን የሚመዝንባቸው አምስት ነጥቦች እዚህም ይሠራሉ። ሥራው በተቆጣጣሪው ሥልጣን ውስጥ ነው? በእርግጥ አዲስ ነው? ለተጠቃሚው ጥቅም አለው? ሳንድቦክስ ውስጥ መግባቱ ያስፈልገዋል? ለሙከራ ዝግጁ ነው? ብዙ ቡድኖች የሚወድቁት አራተኛው ላይ ይመስለኛል። ሳንድቦክስን እንደ ማስታወቂያ ማኅተም ይፈልጉታል። ተቆጣጣሪው «የትኛው የሕግ ጥያቄ ነው ያለ ሙከራ መልስ የማይገኝለት?» ሲላችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ተዘጋጅቶ ይጠብቀው። ለትኩሳት መስመር ዓረፍተ ነገሩ ይህ ሊሆን ይችላል፦ «ሐኪም ሳያየው ‹ቤት ሁኑ› የሚል ምክር በማሽን መስጠት የሚቻለው በምን የደኅንነት መጠን ነው?»

ከዚያ ወሰኑ ይመጣል። ለምሳሌ ሳቢያን ያለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ አዋቂዎች ብቻ፣ ነፍሰ ጡሮች ሳይካተቱ፣ ቢበዛ 400 ደዋይ፣ ከሁለት ሰዓት ጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። የአውሮፓው ሕግ ከሳንድቦክስ ውጭ በእውነተኛ ሁኔታ ለሚደረግ ሙከራ የሚፈቅደው ቢበዛ ስድስት ወር ነው፤ በበቂ ምክንያት ስድስት ወር ይጨመራል። ለእናንተም ጥሩ መነሻ ነው። ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን በመጀመሪያው ዙር አታስገቡ። ወሰኑን ወረቀት ላይ መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ ሶፍትዌሩ ራሱ ከ400ኛው ደዋይ በኋላ መዝጋት አለበት።

እርምጃ 4፦ በዝምታ ጀምሩ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚገባው ምዕራፍ ይህ ነው። ሥርዓቱ ይሰማል፣ ይወስናል፤ ውሳኔውን ግን ለማንም አይናገርም። ሕመምተኛው እንደወትሮው ካርድ ያወጣል፣ ትሪያጅ (ሕሙማን እንደ ሕመማቸው ክብደት የሚለዩበት ቦታ) ላይ ያለችው ነርስ እንደወትሮዋ ትለየዋለች፣ ምርመራው ይሠራል። ማታ የማሽኑ ውሳኔ፣ የነርሷ ውሳኔና የምርመራ ውጤቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ነርሷ የማሽኑን መልስ አስቀድማ እንዳታይ አድርጉ። ካየች ውሳኔዋ ወደ እሱ ያዘነብላል፤ ያኔ የምታወዳድሩት ማሽኑን ከራሱ ጋር ይሆናል።

እዚህ ላይ ስሌቱን በትክክል መያዝ ያስፈልጋል። «ከ1000 ደዋይ 980ውን በትክክል ለየን» የሚለው አያጽናና። የአደጋ ምልክት የነበራቸው ስንት ነበሩ? ከእነሱ ስንቱ አመለጡ? ከ1000 ደዋዮች ውስጥ ከባድ የታመሙት 20 ብቻ ከሆኑና አንዳቸውም ካላመለጡ ቡድኑ «ስህተታችን ዜሮ ነው» ብሎ ይደሰታል። ስታቲስቲክስ ላይ የታወቀ ቀላል መለኪያ አለ፤ በአንድ ቡድን ውስጥ ምንም ስህተት ካልታየ፣ እውነተኛው የስህተት መጠን ሊደርስበት የሚችለውን ጣሪያ ለማግኘት ሦስትን ለሰዎቹ ቁጥር አካፍሉ። 3 ለ20 ሲካፈል 15 በመቶ ነው። ስለዚህ ያላችሁ ማስረጃ ከሰባት ከባድ ሕሙማን አንዱን የሚያመልጥ ሥርዓትን እንኳ በአስተማማኝ ሁኔታ አያስወግድም። ጣሪያውን ወደ 1 በመቶ ለማውረድ 300 ከባድ ሕሙማን አንድም ሳያመልጥ መታየት አለባቸው። ይህን ያህል በአንድ ጤና ጣቢያ በጥቂት ወር አይገኝም። ስለዚህ እንደ ድል ጮራ ካለ ሪፈራል ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ጋር በዝምታው ምዕራፍ መተባበርን በዕቅዱ አስገቡ። ይህን ስሌት ራሳችሁ ለተቆጣጣሪው ካቀረባችሁ አመኔታው ከየትኛውም የሚያምር ስላይድ ይበልጣል።

ከዝምታው ቀጥሎ ማሽኑ ሐሳብ ያቀርባል፣ ነርሷ ትወስናለች። በመጨረሻ፣ ቁጥሩ ከፈቀደ ብቻ፣ ለተወሰኑ ደዋዮች በቀጥታ ይናገራል። እያንዳንዱን ደረጃ ለማለፍ ተቆጣጣሪው መፈረም አለበት።

እርምጃ 5፦ በከተማው አነጋገር ፈትኑ

የድሬ ሰው በንግግሩ ቋንቋ ያቀላቅላል። ገንደ ቆሬ ያለች እናት ሕመሙን በኦሮምኛ ትጀምራለች፣ ቀኑን በአማርኛ ትቆጥራለች፣ የወሰደችውን ክኒን ደግሞ በቀለሙ ትጠራዋለች። ከጀርባዋ ባጃጅ ያልፋል፣ ልጅ ያለቅሳል። በጸጥታ ክፍል በጠራ አማርኛ ተቀርጾ 95 በመቶ ያመጣ ሞዴል እዚህ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ሳትለኩ አትውጡ።

ውጤቱን በድምር አታቅርቡ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በድብልቅ ለየብቻ ለክታችሁ አሳዩ፤ ሐረር ላይ ሐረሪን ጨምሩ። በዕድሜና በጾታም ከፋፍሉት። የአንዱ ቋንቋ ተናጋሪ በሌላው ደህና ውጤት መሸፈን የለበትም። በጣም ዝቅ ያለው ቁጥር ከተስማማችሁበት ደረጃ በታች ከሆነ በዚያ ቋንቋ ቀጥታ አገልግሎቱ አይከፈት፤ ደዋዩ ወዲያው ለሰው ይተላለፍ። የቀን አቆጣጠርንም ለብቻው ፈትሹ። «ከትናንት ወዲያ ማታ» እና «ሌሊት ስምንት ሰዓት» በስህተት ሲተረጎሙ የሕመሙ ቀን ይዛባል፤ ዴንጌ ላይ ደግሞ ቀኑ ወሳኝ ነው።

እርምጃ 6፦ ፈቃድ ጠይቁ፣ እምቢታንም አክብሩ

ተሳታፊው ማወቅ ያለበት አጭር ነው። የሚያናግረው ማሽን መሆኑን፣ ይህ ሙከራ መሆኑን፣ ድምፁ የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚጠፋ፣ እምቢ ቢል ሕክምናው ቅንጣት እንደማይጓደልበት፣ በማንኛውም ሰዓት መውጣት እንደሚችል ይነገረው። ማንበብ ለማይችል በቋንቋው ይነበብለት፣ ምስክር ይኑር። በስልክ ከሆነ ስምምነቱ በድምፅ ይመዝገብ።

እዚህ የሚረሳ ነገር አለ። በየቤቱ አንድ ስልክ ለብዙ ሰው ያገለግላል፤ ጎረቤት ለጎረቤት ይደውላል። ደዋዩ ሌላ፣ ታማሚው ሌላ ሲሆን ፈቃዱ የማን ነው? ቀላሉ መንገድ ሥርዓቱ መጀመሪያ «ለራስዎ ነው የደወሉት?» ብሎ መጠየቁና ለሌላ ሰው ከሆነ ወደ ባለሙያ ማስተላለፉ ነው።

እርምጃ 7፦ የማቆሚያ መስመሩን ከመጀመራችሁ በፊት ጻፉ

ሙከራው ከሞቀ በኋላ «ትንሽ እንይ» ማለት ይቀናል። ስለዚህ መስመሩ አስቀድሞ በቁጥር ይቀመጥ። ለትኩሳት መስመር እንዲህ ልጻፈው። «ቤት ሁኑ» ከተባሉት መካከል አንድ ሰው እንኳ በሦስት ቀን ውስጥ ሆስፒታል ከገባ ቀጥታ አገልግሎቱ በዚያው ቀን ይቆማል፤ ምርመራ ተደርጎ ተቆጣጣሪው በጽሑፍ ሳይፈቅድ አይከፈትም። ይህን ለማወቅ «ቤት ሁኑ» የተባለው ሁሉ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን በሰው ሊደወልለት ይገባል። ስልኩን ካላነሳ እንደ ደኅና አይቆጠርም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤቱ ሄዳ ታየዋለች። ነርሷ የማሽኑን ሐሳብ በተደጋጋሚ ከሻረች፣ አንድ ቋንቋ ላይ ያለው ውጤት ካሽቆለቆለ፣ ወይም በከተማው አዲስ ወረርሽኝ ከታወጀ እንደዚሁ ይቆማል። ወረርሽኙ የበሽታውን ዓይነት ስለሚቀይረው ሞዴሉ የተማረው ነገር አይሠራም።

መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥስ? ጥሪው በመሃል ከተቋረጠ ሥርዓቱ ምክር እንዳልሰጠ ይቆጠራል፤ የጤና ጣቢያው ሰው መልሶ ይደውላል። ማቆሚያውን የሚጫን ሰው በሥም ይመደብ፣ ምትክም ይኑረው። የሚያቆመው ሰው የገንቢው ድርጅት ሠራተኛ ብቻ ከሆነ ስምምነቱ ጎደሎ ነው።

እርምጃ 8፦ መዝገቡን ያዙ፣ ሞዴሉን አታንቀሳቅሱ

እያንዳንዱ ጥሪ ሰዓቱ፣ ቋንቋው፣ የሥርዓቱ መልስ፣ የሰው ውሳኔና የሞዴሉ ቨርዥን ይመዝገብ። በሙከራው መሃል ሞዴሉን «አሻሻልነው» ብላችሁ ከቀየራችሁት ከዚያ በፊት የሰበሰባችሁት ቁጥር የሌላ ሥርዓት ነው። መቀየር ግድ ከሆነ ለተቆጣጣሪው አሳውቃችሁ፣ ዝምታውን ምዕራፍ ደግማችሁ ጀምሩ። ሪፖርቱ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ገጽ ይበቃል። መጥፎው ቁጥር ከላይ ይቀመጥ።

እርምጃ 9፦ ኃላፊነቱን ተቀበሉ

ሳንድቦክስ ከሕግ ማምለጫ አይደለም። በአውሮፓው ሕግ ዕቅዱን ጠብቆና የተቆጣጣሪውን መመሪያ በቅንነት ተከትሎ የሠራ ተሳታፊ የአስተዳደር ቅጣት አይጣልበትም፤ ሦስተኛ ወገን ላይ ለደረሰ ጉዳት ግን ተጠያቂነቱ እንዳለ ነው። በእናንተም ስምምነት ላይ ለተጎዳ ሰው የሕክምና ወጪ የሚከፍለው ማን እንደሆነና ገንዘቡ የት እንደተቀመጠ ይጻፍ። ገንዘብ የሌለው ትንሽ ቡድን ከሆናችሁ ነርሷ የምትወስንበት ደረጃ ላይ ቆዩ፤ ወደ ቀጥታ አገልግሎት አትሻገሩ።

እርምጃ 10፦ መውጫውን ከመግቢያው ጋር ጻፉ

ሲያልቅ የመውጫ ሪፖርት ይዘጋጃል። ምን ተሞከረ፣ ምን ተገኘ፣ የትኛው ቋንቋና የትኛው የሰው ክፍል ላይ አልሠራም፣ ተቆጣጣሪው ምን አስተካክሉ አለ። በአውሮፓ ሕግ ተቆጣጣሪው ሲጠየቅ የተሠራውን የሚያረጋግጥ ጽሑፍና የመውጫ ሪፖርት ይሰጣል፤ ሠሪው በኋላ ለሚጠየቀው ማረጋገጫ ሊጠቀምበት ይችላል። እናንተም በስምምነቱ ውስጥ ይህን ጠይቁ። ሰነዱ የሙከራ ማስረጃ እንጂ የገበያ ፈቃድ ስላልሆነ ማስታወቂያ ላይ «በመንግሥት የጸደቀ» ብላችሁ አትለጥፉት። ለሕዝብ የሚሆን አጭር ቅጂ በሦስቱም ቋንቋ አዘጋጁ፤ ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ ሙከራው የተደረገበት ሰፈር ሰው ውጤቱን የማወቅ መብት አለው።

ሁለት ነገሮች ሳይዘጉ አይቀሩ። የተቀዳው ድምፅ በተስማማችሁበት ቀን ይጥፋ፣ መጥፋቱንም ተቆጣጣሪው ዓይቶ ይፈርም፤ «ለወደፊት ሥልጠና» ተብሎ የሚቀር ፋይል ካለ አዲስ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ስልክ ቁጥሩም ከሙከራው በኋላ ቢያንስ ለአንድ የክረምትና የመኸር ወቅት ክፍት ይቆይ። የለመዱት ሰዎች መደወላቸውን አያቆሙም፤ ሲደውሉ ሙከራው ማብቃቱንና የቅርባቸው ጤና ጣቢያ የት እንደሆነ በሦስቱም ቋንቋ የሚነግራቸው ድምፅ ይጠብቃቸው፣ አጣዳፊ ለሆነባቸውም መስመሩ በቀጥታ ለተረኛ ነርስ ይተላለፍ። የዚህ ወጪ በመጀመሪያው በጀት ውስጥ መግባት አለበት።